ሰላምታ የማይችል ሞተር

በዚህ አገር ሞተር ሳይክል የሚገድለው ጉድጓድ አይደለም፤ አቧራም፣ ዝናብም፣ የቤንዚን ወረፋም አይደለም። ሰላምታ ነው!

አትሳቁ! እኔም ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ መሐል አስፋልት ላይ፣ ጢስ ከምትተፋ ሞተር ሳይክሌ አጠገብ፣ የሰው ትዳር በእጄ ይዤ እስክቆም ድረስ ብትነግሩኝ እስቅ ነበር። እስቲ ከሥር ከመሠረቱ ላውጋችሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት እንደ መስታወት በሚሰበርበት አገር ተወልጄ፣ እንጀራዬ ሩቅ ተጽፎ ኖሮ ሐዋሳ መጣሁ። ቤቴ ቱላ ነው፤ ሥራዬ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት። ቀኑን ሙሉ «እሽሽሽ...» እያልኩ ተማሪ ዝም ሳሰኝ እውላለሁ። ዘመድ ሩቅ ሲሆን ጥንቃቄ ይበዛል፤ ብወድቅ ማን ያነሣኛል? ስለዚህ ሞተር ሳይክሌ ላይ ከመውጣቴ በፊት ጎማውን ረገጥ ረገጥ አደርጋለሁ፣ ፍሬኑን እጨብጣለሁ፣ ዘይቱን አያለሁ፣ ነጠላዬን ከጃኬቴ ሥር አስገብቼ እቋጥራለሁ፣ ከዚያ በስመ አብ ብዬ አማትባለሁ... ጎረቤቶቼ «አስካለ ልትሄድ ነው» አይሉም። «አስካለ ቅዳሴ ጀመረች» ነው የሚሉት።

የሞተር ሳይክሌ ስም ዳማ ነው። ቀለሟ የአባቴን ፈረስ ስለመሰለኝ ያወጣሁላት ነው። ዳማ አሮጌ አይደለችም፤ የቆየች ናት። (ልዩነቱን የቆየ ዕቃ ያለው ሰው ያውቀዋል።) ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ዙሪያውን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉት፤ ስትሮጥ ነፋሱ በመሐላቸው እያለፈ ግለቱን ይወስድላታል። አለቀ! ውሃ የለ፣ ቱቦ የለ፣ ፓምፕ የለ። የሌለ ነገር ደግሞ አይፈስም፣ አይቀደድም። ፈጣሪ ይህን የሚያህል ነፋስ በነጻ እያነፈሰልን ራዲያተር ተሸክሞ መዞር ለእኔ... እንዴት ልበላችሁ... ትንሽ ውለታ ቢስነት ይመስለኝ ነበር።

ይህንን ሐሳቤን አጥብቆ የሚቃወም አንድ ሰው አለ፤ ማቴዎስ። ማቴዎስ የቤተ መጻሕፍታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የሶዶ ልጅ፣ እንደ እኔው ከቤተሰቡ የራቀ፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ክርክር ሲጀምር ግን ጆሮው የሚቀላ። በቅርቡ በውሃ የሚቀዘቅዝ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛና ሻይ ቤት ውስጥ ሰላም አሳጣኝ።

«አስኩዬ፣ እስከ መቼ በነፋስ?»

«ነፋስ ምን አደረገህ?»

«ምንም! ስትሄጂ መልካም ነው። ስትቆሚስ?»

«ለምን እቆማለሁ? የተሠራችው ለመሄድ ነው።»

«የእኔ እኮ ውሃው በሞተሩ ውስጥ እየዞረ ግለቱን ይለቅምና ራዲያተሩ ውስጥ ያራግፈዋል። ብቆም እንኳ ማራገቢያው በራሱ ጊዜ ይነሣል!»

«አንተ ሞተር አልገዛህም፤ ማቀዝቀዣ ነው የገዛኸው። ለስላሳ አስቀምጥበት።»

ጆሮው ቀላ። ሻይ ቤቱ ሳቀ። እኔም በልቤ «ለምን እቆማለሁ» የሚለው መልሴ አስደስቶኝ ቤቴ ገባሁ። ሞኝ!

ከዚያ የማቴዎስ ጉዳይ መጣ። ማቴዎስ ሳምራዊት የምትባል የምሥራቅ ሰፈር ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች፤ የቀረው አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ አቶ ላሊሞ በሰዓት የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። «ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ሽማግሌ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ቡና ማሳዬ እሄዳለሁ፤ ለቀማው ሳያልቅ አልመለስም» ብለው ላኩ። ሌላ ቤተሰብም ሽማግሌ ለመላክ እያሰበ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። እንግዲህ ቅዳሜ ካመለጠ ማቴዎስ ቡናው እስኪለቀም ዓይኑን እንቅልፍ አያገኘውም፤ ተለቅሞ ሲያልቅም ልጅቷ ለሌላ ታጭታ ልትቆየው ትችላለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ከማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ የምሥራቅ ነዋሪዎች ስለሆኑ በእግራቸው ይደርሳሉ። ዋናው ተናጋሪ ግን ቱላ፣ ከእኔ አጥር ቀጥሎ ነው የሚኖሩት፤ ጋሽ ዳንጊሶ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸው ካልገቡ ሌሎቹ አፋቸውን አይከፍቱም። ባጃጅ ደግሞ ሆዳቸውን ያገላብጣቸዋል።

«እኔ አመጣቸዋለሁ» አልኩ።

«በዳማ?» አለ ማቴዎስ፤ ፊቱ ቡን አለ። «አስኩዬ፣ እባክሽ የእኔን ውሰጂ። ፀሐዩን አታዪም?»

«የአንተን ማቀዝቀዣ ለሠርግህ አቆየው!»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሽ ዳንጊሶ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራ ይዘው ወጡ። ሄልሜት አቀረብኩላቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ካደረግኩ ማን ያውቀኛል?»

«እሱን ብዬ እኮ ነው ጋሼ!» ልል ነበር... ዋጥኩት። «ለደኅንነትዎ ነው ጋሼ» አልኩ። አደረጉት። ባርኔጣቸውን ከሄልሜቱ በላይ ሊደፉ ሞክረው እምቢ ሲላቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። እኔ አማተብኩ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅና ይህችን ሞተር ባርክ» ብለው ጸለዩ። ከመንዝም ከሲዳማም ጸሎት የተቀበለች ሞተር ሳይክል በሐዋሳ ታሪክ ዳማ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ተነሣን።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ጥግ ያለው መንገድ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው። እዚያው ከዘራው ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አቁሚ ልጄ፣ አቁሚ! ያቺ ባለ ሱቋ ተማሪዬ ነበረች።»

አቆምኩ። ልብ በሉልኝ፤ ሞተሩን አላጠፋሁም። የዳማ ማስነሻ ቁልፍ ከሞተ ቆይቷል፤ የምትነሣው በእግር ተረግጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ቀሚስ ለብሼ፣ ሽማግሌ አፈናጥጬ ፔዳል ስረግጥ የሚያየኝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ስለዚህ ድ-ድ-ድ-ድ እያለች ቆመች።

«እንደምን ነሽ? እናትሽስ? ያ ወገባቸው? ልጅሽ ተመረቀች? ታናሽዋስ? ባልሽ ከዲላ ተመለሰ? ያቺ ቡሬ ላምሽ ወለደች?»

ላሟ ወልዳለች። ጥጃው ወንድ ነው። ጥጃው ደህና ነው። እኔም፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ በመንዝ ወግ ያደግኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አላስችለኝ ብሎ «የጥጃው እናትስ ተሻላት?» ብዬ ጨመርኩበት።

ሄድን። ሁለተኛው ባለ ጋሪ ነበር፤ ተማሪያቸው። ሦስተኛው የግንበኛ አለቃ፤ ተማሪያቸው። ቀጥሎ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ ማለቴ ነው፣ የሚያወሩት አንድ ሽማግሌ አገኙና ነገሩ ከረረ፤ አማርኛው ላይ ቢያንስ መቼ እንደሚያልቅ እገምት ነበር። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋና አስቆመን። ያው ጋሼ ለሰላምታ ሲሉ ሄልሜታቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል! ፖሊሱ ቀረበ፤ አየን፤ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠ።

«መምህር!»

«አንተ! አምስተኛ ክፍል መስኮት የሰበርከው!»

«እኔ ነኝ መምህር!»

ተቃቀፉ። እኔ በዘዴ «እንሂድ» ለማለት ያህል የነዳጁን እጀታ ጠምዘዝ አደረግኩ፤ ድ-ር-ር-ር! ጋሽ ዳንጊሶ ለፖሊሱ በኩራት፦

«ሰማህ? ሞተሯም ሰላም እያለችህ ነው!» አሉት።

እንዲያ እያልን፣ ጥቂት እየሄድን፣ ብዙ እየቆምን ፒያሳ ደረስን። ያ የፈጣሪ ነፋስ ለዳማ አልደረሳትም፤ ነፋስ የሚመጣው ለሚሄድ ነውና። መጀመሪያ ጉልበቷ ደከመ። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። የሰው ምሳ እያረረ ነው ብዬ ሌላውን አማሁ። ከዚያ እግሬ ሥር ጢስ... «እመቤቴ ድረሺ!» ከማለቴ ዳማ አንዴ ትን ብሏት ጭጭ አለች። መሐል አስፋልት! ከኋላችን የባጃጅ ጥሩምባ ቀለጠ።

ገፍተን ዳር አወጣናት። ፒያሳ ላይ ሞተር ሳይክል ሲበላሽ መካኒክ መፈለግ አያስፈልግም፤ መንገደኛው ሁሉ መካኒክ ነው።

«ካንዴላው ነው!» አለ አንዱ።

«ካንዴላው አይደለም፤ አየር ገብቶበታል!»

«እንዴት አየር ገባበት? አየር አጥቶ ነው እንጂ!»

«በዚህ ዘመን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ማን ይነዳል? ሁሉንም ሰብስቦ መሸጥ ነው!»

«አንተ ዝም በል! የውሃው ቱቦ መንገድ ላይ ቢፈነዳብህስ? ይችኛዋ አሁን ብትበርድ ትነሣለች። ያኛው ቢበርድም አይነሣም!»

አቤት የልቤን ሲናገርልኝ! ላመሰግነው ዞር ስል ሌላው ሰውዬ ሙሉ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ዳማ ላይ ሊደፋ ጎንበስ ብሏል።

«ተው! ይሰነጠቃል!» ብዬ ጮኽኩ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዓመታት ያፈንኩት ድምፅ በሙሉ ያን ጊዜ ወጣ። ሰውዬው ደንግጦ ውሃውን ራሱ ጠጣው።

በዚያ መሐል ጋሽ ዳንጊሶ ቀርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው... እጅ ሊጭኑባት!

«ጋሼ አይንኩት! ይፈጅዎታል!»

እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በባርኔጣቸው ያራግቡላት ጀመር። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ዳማ ደግሞ እንኳን ልትነሣ አጠገቧ መቆምም አያስችል። ሻይ ቤት ውስጥ የተናገርኩት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። አማራጭ አልነበረኝም፤ ለማቴዎስ ደወልኩ።

«ደረሳችሁ? ገባችሁ? ምን አሉ?»

«ማቴዎስ... ዳማ ትንሽ... ሞቋታል።»

እግዜር ይስጠው፣ «ብዬሽ ነበር» አላለም። በዚያው አዲስ ሞተሩ እየበረረ መጣ፤ ሸሚዙ ከላቡ የተነሣ ገላው ላይ ተለጥፏል።

«ጋሼ፣ ይውጡ ላድርስዎት!»

ጋሽ ዳንጊሶ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «አንተ ልጅ! ላግባ ብሎ ሽማግሌ የላከ ልጅ፣ ሽማግሌውን አፈናጦ የልጅቷ በር ድረስ የሚሄድበት አገር የት አለ? ምን ሊሉን ነው? ልጁ አስገድዶ አመጣቸው ሊሉን?»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማቴዎስ ከዳማ ጋር ቀረ፤ እኔ የእሱን ቁልፍ ተቀበልኩ። ሲሰጠኝ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ውሃ ነው፤ አትፍሪ» አለኝ። ይኼ እንግዲህ «ብዬሽ ነበር» ማለት አይደል? ነው እንጂ! በሆዴ ያዝኩት።

የሰው ሞተር ነውና ማማተቤን አሳጥሬ ተነሣሁ። እውነት ለመናገር... እንደ ቅቤ! ድምፁ ራሱ ጨዋ ነው። ፒያሳን ወጥተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ መኪና አግዶን ቆም አልን፤ ከእግራችን ሥር ሹ-ው የሚል ድምፅ ተነሣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«ማራገቢያው ነው ጋሼ። ይሄኛው በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ብንቆም እንኳ አይሞቅም።»

ምነው በዚያች ደቂቃ ምላሴ በታሰረ!

«ብንቆም እንኳ?»

«...አዎ ጋሼ።»

«እሰይ! እንግዲያው አቁሚ፤ ያ ጫማ የሚሠራው ልጅ ተማሪዬ ነው። ቅድም በሞተርሽ ተሳቅቄ ስንቱን ሰው በጥድፊያ ሳልፈው!»

በጥድፊያ! ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ የጥጃ ወሬ በጥድፊያ ነበር! አሁን ሰላምታ ምን እንደሆነ አየሁ። የጫማ ሠሪው አጎት፣ የአጎቱ ጉልበት፣ የጉልበቱ ሐኪም፣ የሐኪሙ አባት... ማራገቢያው ሹ-ው እያለ፣ ራዲያተሩ በትዕግሥት ውሃውን እያዞረ፣ ሞተሩ አንዳች ሳይሰማው! ዳማ ብትሆን ትጢስልኝ ነበር፤ «ጋሼ፣ ልትነድብን ነው» ብዬ እገላገል ነበር። ይሄኛው ግን ምንም ሰበብ አይሰጥ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የውሃው ሞተር ሰላምታ ይችላል፤ ሰላምታን የማልችለው እኔ ነኝ።

አቶ ላሊሞ በር ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥሩን ተደግፈው ፈተና እንደ ወደቀ ተማሪ መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ላሊሞ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በሩ መሐል ቆመዋል።

ጋሽ ዳንጊሶ ወርደው፣ ሱፋቸውን አራግፈው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንደምን ዋላችሁ? ቤተሰብ ሁሉ...» ሲሉ አቶ ላሊሞ አቋረጧቸው። ሰላምታ ተቋረጠ! ወየው ለማቴዎስ!

«መምህር፣ ያከብርዎት የለም ወይ ይህ ቤት? ሰዓቱ እኮ አልፏል። እኔ ለዛሬ ሄጃለሁ።»

«ሞተር ሞቆብን ነው አቶ ላሊሞ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «የዚህች ልጅ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ሲቆም ይግላል። ለዚህ ነው በልጁ ሞተር የመጣነው። የልጁ በውሃ ነው፤ ተቀምጦም ይቀዘቅዛል። አስተዋይ ልጅ መሆኑን በዚህ ይዩለት።»

ስለ ሰላምታው አንድም ቃል የለም! አቶ ላሊሞ ሞተሩን ገላመጡት፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን።

«የልጁን ሞተር ማን ጠየቃችሁ? ልጁ ራሱ ሲግልስ? በምንድን ነው የሚቀዘቅዘው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሁለቱ አንደኛው፣ ልጁን ያመሰገነ መስሎት፣ ቶሎ ብሎ፦

«ኧረ እሱ ጨዋ ልጅ ነው! ሲናደድ አይሳደብም፣ እጁን አያነሣም። ብድግ ይልና ይወጣል፤ በሞተሩ ሐይቁን ዳር ዳሩን ዞሮ ዞሮ፣ በርዶለት ይመለሳል» አለ።

«በነፋስ ነዋ!» አሉ አቶ ላሊሞ። «አያችሁ? ሞተሩን በውሃ፣ ራሱን በነፋስ! ልጄ ቤት ውስጥ ከቁጣው ጋር ብቻዋን ትቀመጥና እሱ ውጭ ሲናፈስ ይዋል? እኔ ልጄን የምሰጠው ሲግል ከቤት ለሚወጣ ሰው አይደለም። እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ሚስቱን እያየ ለሚበርድ ሰው ነው!»

ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። እኔ ሻይ ቤት ውስጥ ለነፋስ የተከራከርኩትን ሁሉ በልቤ መለስኩ፤ ነፋስ ልጁን በላው! ከቤቱ መስኮት መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። ሳምራዊት መሆን አለባት። አቶ ላሊሞ ሻንጣቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው አንድ እግራቸውን ከበሩ አወጡ።

ያኔ ከበረንዳው የሴት ድምፅ መጣ። የሳምራዊት እናት፣ ወይዘሮ አስቴር ናቸው፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል።

«አንተ ሰውዬ!»

አቶ ላሊሞ ባሉበት ቆሙ።

«ሽማግሌ ዘገየ ብለህ የጋልከው አንተ። ሻንጣ አንሥተህ የወጣኸው አንተ። እስቲ ለእንግዶቹ ንገራቸው፤ ቡናው እውነት ዛሬ ነው የሚለቀመው ወይስ ማሳው ላይ ልትናፈስ ነው?»

በግቢው ውስጥ የሚሰማው የማቴዎስ ሞተር ማራገቢያ ብቻ ነው፤ ሹ-ው... መጀመሪያ ያመለጠው የጋሽ ዳንጊሶ ሳቅ ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥሩን ይዘው ተንቀጠቀጡ። በመጨረሻም፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ነክሰው፣ አቶ ላሊሞ ራሳቸው። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ግቡ» አሉ። «ግቡ እንጂ። ቁጭ ብለን እንብረድ።»

ገቡ። የሆነው ሁሉ ሆነና ልጅቷ ለማቴዎስ ተፈቀደችለት፤ ደስታው የሁላችን ነው። ዳማም በዚያው ከሰዓት በርዶላት፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በመጀመሪያው ረገጣ ተነሣች።

እና «ነፋስ ይሻላል ወይስ ውሃ?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ አንባቢዎቼ፣ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ለሞተር፣ ነፋስ። «ይበቃናል፣ እንሂድ» ለማለት ድፍረቱ ለሌለን ለእኔ ቢጤዎች የምትጢስ ሞተር ታስፈልገናለች፤ ዳማን አልሸጥም። ለባል ግን ያለ ምንም ማቅማማት፣ ውሃ!

ሰኞ ጠዋት ማቴዎስ ሥራ ሲገባ አየሁት። በእግሩ። ላቡን እየጠረገ።

«ምነው? ሞተርህ ተበላሸ?»

«ደህና ነው። ቁልፉን ሳምራዊት ወስዳብኝ ነው።»

«ገና ሳትጋቡ ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም» አለ፤ ወንበሩን ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ቁጭ ብሎ መብረድ እየተለማመድኩ ነው።»